ማስተካከያ፦ የስታር አኒስ ሻይ ታሚፍሉን አይተካም

ቀደም ሲል ስለ መድኃኒት ዕጽዋት በወጣው ጽሑፍ ላይ «ስታር አኒስ አፍልቶ መጠጣት ታሚፍሉ (የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት) እንደ መዋጥ ነው» የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። ልክ አይደለም። ከዚህ ኮከብ መሳይ ቅመም የሚወጣው ሺኪሚክ አሲድ ጥሬ ዕቃ ነው። ኦሴልታሚቪር (የታሚፍሉ መድኃኒት) እስኪሆን ድረስ ፋብሪካ ውስጥ በርካታ ኬሚካላዊ ለውጦችን ያልፋል። መድኃኒቱ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከተያዘው ሴል ተላቆ እንዲወጣ የሚረዳውን ኢንዛይም ያግዳል። ሻዩ ይህን አያደርግም። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው፤ በሻይ ተማምኖ መቆየት ይህን ጊዜ ይበላል።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። የጃፓኑ ስታር አኒስ ለቅመም የሚውለውን የቻይናውን ቁርጥ ይመስላል፤ ግን መርዛማ ነው፤ አንቀጥቅጦ ይጥላል። ከተፈጨ በኋላማ በዓይን መለየት አይቻልም። ለሕፃናት የስታር አኒስ ሻይ ጭራሽ አትስጡ።