የብሪታንያ ኩራት መንገድ ዳር ቆሟል

ስለ ብሪታንያ ብሔራዊ ኩራት ሲወራ ቀድመው የሚጠሩት ቤተ መንግሥቱ፣ ዘውዱና የቢግ ቤን ሰዓት ናቸው። እኔ ግን የአገሬው ሰው ስሜት ይበልጥ የተጣበቀው መንገድ ዳር በቆመው ቀይ ብረት ላይ ነው ባይ ነኝ፤ በፖስታ ሳጥኑ፣ በሕዝብ ስልክ ማደወያው፣ በባለሁለት ፎቁ አውቶቡስ። ሙዚየሞቻቸውንም መጨመር ይቻል ነበር። ነገር ግን የመቅደላ ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ተቆልፎባቸው ሳለ፣ በዚያ ኩራት ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ያልተወራረደ ሂሳብ አለን። ለሌላ ቀን ይቆየን።

የፖስታ ሳጥኖቹ መጀመሪያ የተተከሉት በ1852 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጀርሲ ደሴት ነው። ቆየት ብሎም ከአካባቢው ጋር እንዲስማሙ ተብሎ አረንጓዴ ተቀቡ። መስማማቱ በዛና ሰው ፈልጎ አጣቸው፤ ስለዚህ ከ1874 ጀምሮ ወደ ቀይ ተለወጡ። ዛሬ የአገር መለያ የሆነው ቀለም የተመረጠው ከሩቅ እንዲታይ ብቻ ነበር።

በሳጥኑ ደረት ላይ፣ ሳጥኑ ሲሠራ በዙፋን ላይ የነበረው ንጉሥ ወይም የነበረችው ንግሥት ምልክት ጎልቶ ይታያል። በ1952 መገባደጃ በኤዲንብራ፣ ኢንች በተባለ ሰፈር የቆመው አዲስ ሳጥን ዳግማዊት ኤልሳቤጥን የሚያመለክቱ ፊደላት ነበሩበት። ስኮትላንዳውያን ተቆጡ። ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የእንግሊዝ እንጂ የስኮትላንድ ንግሥት አልነበረችም፤ ታዲያ ይህችኛዋ ለእነሱ እንዴት ሁለተኛ ትሆናለች? ሳጥኑ በሬንጅ ተለቀለቀ፣ በመዶሻ ተደበደበ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው በፈንጂ ተበታተነ። ከዚያ ወዲህ ለስኮትላንድ የሚሠሩት ሳጥኖች ፊደላቱን ትተው የስኮትላንድን ዘውድ ብቻ መያዝ ጀመሩ። ደብዳቤ መክተቻ ብረት ይህን ያህል ጠብ ካስነሳ፣ ሕዝቡ ከልቡ የራሴ ይለዋል ማለት ነው።

በ2012 ደግሞ በለንደን ኦሎምፒክ ወርቅ ላገኙ የአገሪቱ አትሌቶች በየከተማቸው የፖስታ ሳጥን ወርቃማ ተቀባላቸው። በሶማሌላንድ ተወልዶ በልጅነቱ በሌላ ልጅ ስም ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ሞ ፋራህም ደርሶታል። በ5,000 ሜትር ደጀን ገብረመስቀልን ቀድሞ የገባበትን ምሽት ለምናስታውስ ሰዎች ያ ወርቅ ብዙም አይጥመንም፤ ሆኖም ለስደተኛ ልጅ ከሐውልት ይልቅ የሰፈሩን የፖስታ ሳጥን መቀባት ጥሩ ሐሳብ ነበር።

በስልክ ማደወያው ታሪክ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ጊልስ ጊልበርት ስኮት የነደፈው በብዛት የተስፋፋው ዓይነት ከንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የ25 ዓመት የንግሥና በዓል ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ፖስታ ቤት ያለው መንደር ሁሉ፣ ገቢው ወጪውን ቢሸፍንም ባይሸፍንም፣ ስልክ እንዲያገኝ ተወሰነ። ኩራቱ የመነጨው ከዚህ ውሳኔ ይመስለኛል፤ ገበሬውም የለንደኑ ባለሥልጣንም እኩል በዚያው ቀይ በር ይገባሉና። የስልክ አገልግሎቱ በ1984 ወደ ግል ሲዛወር ማደወያዎቹን መንቀል ተጀመረ፤ ሕዝቡም ጮኸ። ከ2008 ወዲህ የመንደር ምክር ቤቶች ባዶውን ሳጥን በ1 ፓውንድ መረከብ ይችላሉ። አንዳንዶቹ መጻሕፍት ደርድረውበታል፤ ሌሎቹ ልቡ በድንገት ለቆመ ሰው የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠውን መሣሪያ ሰቅለውበታል። መንደርተኛውን አደንቃለሁ። ብረቱን አስረክቦ አገልግሎቱን የወሰደውን አሠራር ግን ቅርስ ጥበቃ ብዬ አላሞግሰውም።

አውቶቡሱንም ቢሆን ያሽከረከሩትና ትኬት የቆረጡት ከ1956 ጀምሮ ከባርቤዶስ ድረስ ተቀጥረው የመጡ ሠራተኞች ጭምር ናቸው። በፖስታ ካርዱ ላይ የሚታየው ቀለሙ ብቻ ነው።

የንጉሥ ቻርልስ ምልክት ያለበት የመጀመሪያው የፖስታ ሳጥን የቆመው በ2024 ነበር። በዓመቱ የፖስታ ድርጅቱ በቼኩ ባለሀብት በዳንኤል ክሬቲንስኪ ኩባንያ እጅ ገባ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ደብዳቤ ቅዳሜ ቀርቶ በየሁለት የሥራ ቀኑ እንዲታደል ፈቀደ። ሳጥኑ ሥር ቆመው ፎቶ የሚነሱት ፖለቲከኞች ስለዚህኛው ጉዳይ ያን ያህል ሲናገሩ አልሰማሁም።