አካሚውን ማን ያየዋል?

አሜሪካ የሳይኮሎጂ ኢንተርን (በሥራ ላይ ያለች ሠልጣኝ) ሳለሁ አንዲት ተማሪ ተመደበችልኝ። «በየሳምንቱ ሥራዋን አብረሻት ታያለሽ» ተባልኩ። ደነገጥኩ። እኔ ራሴ ገና ፈቃድ የለኝም። እንዴት አድርጌ የሌላ ሰው ሱፐርቫይዘር፣ ማለትም ሥራዋን እያየሁ የማሠለጥናት፣ እሆናለሁ?

አሠራሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። ተማሪዋ ከታካሚው ጋር ያላትን ቆይታ፣ እሱ ከፈቀደ፣ በቪዲዮ ትቀዳለች። እኔ ደግሞ ከእሷ ጋር የማደርገውን ውይይት እቀዳለሁ። የእኔን ቅጂ አንድ አንጋፋ ሳይኮሎጂስት ያዩታል። የታካሚው የመጨረሻ ኃላፊነትም ያለው እሳቸው ላይ ነው።

የእኔን የመጀመሪያ ቪዲዮ ከእሳቸው ጋር ስናየው አፈርኩ። ተማሪዋ «ታካሚዬ ዝም አለብኝ» ትላለች። እኔ ዘው ብዬ ሰውየውን ማከም ጀመርኩ። እንዲህ በይው፣ ይሄን ጠይቂው። እሳቸው ቪዲዮውን አቆሙና «ልጅቷስ የት ሄደች?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዝም ሲላት ምን ተሰማት? ምን ልታደርግ አሰበች? አንዱንም አልጠየቅኳትም። ማከም ሌላ፣ የሚያክም ሰው ማሳደግ ሌላ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ምዘናው ነው። ይሉኝታ ይዞኝ፣ ማስታወሻዋን በሰዓቱ እንደማትጽፍ እያየሁ ሁለት ሳምንት ዝም አልኳት። በሦስተኛው ነገርኳት፤ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ነው ስህተቷን ሳትደብቅ ራሷ ይዛልኝ መምጣት የጀመረችው። ዝምታዬ ደግነት መስሎኝ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ሱፐርቪዥን፣ ማለትም የሌላን አካሚ ሥራ እያዩ ማሠልጠን፣ ለእያንዳንዱ ሰው ፍላጎት የተተወ አይደለም። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የዕውቅና መስፈርት፣ ኢንተርን ሊሠለጥንባቸው ከሚገቡ 9 ብቃቶች አንዱ ሱፐርቪዥን ነው። ኢንተርኑ ራሱም በሳምንት ቢያንስ 4 ሰዓት ሱፐርቪዥን ያገኛል፤ 2ቱ ለብቻው።

አገር ቤት ያለች ጓደኛዬ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ በተመረቀች በዓመቱ ተማሪዎች ተሰጧት። እንዴት እንደምትይዛቸው ያሳያት ሰው የለም። «ጎበዝ አካሚ ስለሆንሽ ትችይዋለሽ» ነው ያሏት። ይሄ ያንገበግበኛል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የመደቧትም ክፉ አስበው አይደለም፤ የሰው እጥረት ነው።

ግን ይቻላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 እ.ኤ.አ. የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀምር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተመላለሱ አግዘዋል። ከምሩቃኑም የሚቀጥሉትን ያስተማሩ ወጥተዋል። በሳይኮሎጂም ለሠልጣኙ ከምረቃ በፊት አንድ ተማሪ መስጠት፣ ከላይ አንድ የሚያይ ሰው መመደብ ይቻላል። ቪዲዮ ከሌለ አብሮ መቀመጥ አለ። የሚያስፈልገው በሳምንት አንድ የማይሰረዝ ሰዓት ነው።

እኔና ጓደኛዬ አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ በኢንተርኔት እንገናኛለን። ባለፈው ከአንድ ተማሪዋ ጋር የተወያየችውን፣ የታካሚውን ማንነት ሳትነካ፣ አጫወተችኝ። አርባ ደቂቃ አወራን። ስለ ታካሚው ያወራነው አምስቱን ብቻ ነው።