ክራር ገራፊውና የግድግዳው ወዲያ ማዶ

ክራር በኮንዶሚኒየም ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው። አንደኛው ሳሎን ውስጥ ከመሶቡ በላይ ተሰቅሎ አቧራ መጠጣት ነው፤ ይኼኛው ማንንም አያስቀይም። ሁለተኛው የሚጀምረው ባለቤቱ አርባ ዓመት ሞልቶት «እኔ እኮ ድሮም ጆሮ ነበረኝ» ያለ ዕለት ነው።

ጆሮ ያለው ሰው ግን ዜማ ላይ ከመድረሱ በፊት ቅኝት ይጠብቀዋል። ክሩ ስድስት ነው፤ አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በኦክታቭ ይደግማል፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ በሌላ ከፍታ። አዲስ የናይለን ክር ተለጥጦ ስለማያበቃ፣ ስድስተኛው ሲቃና የመጀመሪያው ረግቦ ይገኛል። መድኃኒቱ ክሩን መሃሉ ላይ ይዞ ቀስ እያሉ መሳብና እንደገና ማጥበቅ ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ። ሰውዬው ግን ስልኩ ላይ መቃኛ ጭኗልና ስልኩን ይቆጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የክራሩ ሆድ የተለበደበት ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ ክሮቹን ቆዳው ላይ የሚደግፈው ብርኩማም አብሮ ይሰምጣል፤ ክራሩ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። እንግዳ መጥቶ «ትዝታን በማይነር አሰማን» ካለማ አለቀ፦ ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ዝቅ እስኪሉ ወጡ ይቀዘቅዛል። ሌሎቹን ቅኝቶች፣ ባቲን፣ አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን የሚጠይቅ እንግዳ እራቱን በልቶ ቢመጣ ይሻለዋል።

በገና ይደረደራል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ክራር ግን ይገረፋል። ጥፋቱ ምን እንደሆነ የጠየቀለት የለም። በግርፍ ጊዜ ቀኝ እጅ በመምቻው ክሮቹን ሁሉ በአንድነት ይጠርጋል፤ የማይፈለጉትን ዝም የሚያሰኘው ግራ እጅ ነው። ስለዚህ ዜማው የሚወጣው ጣት ከክሩ ላይ ሲነሳ ነው። ጀማሪ ማንሳቱን አያጣውም፤ መመለሱን ነው የሚረሳው። ያን ጊዜ ስድስቱም ክር በአንድ ላይ ያወራል፣ የዕድር ስብሰባ ላይ ሒሳብ ሲነሳ እንደሚሆነው።

የሚገርመው የሰውዬው ፊት ነው። ያችኑ አራት ምት ለሁለት ሰዓት እየመላለሰ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አንገቱ ይወዛወዛል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የራስ ምታት ክኒን ይፈለጋል። አንዱ ቀልደኛ፣ ሌላው ምቀኛ ሆኖ አይደለም፤ የሚሰሙት የተለያየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች የስታንፎርድ ተማሪ ለዶክትሬት ጥናቷ ሰዎች የታወቁ ዘፈኖችን ጠረጴዛ ላይ በጣት እንዲመቱ አደረገች። መቺዎቹ አድማጭ ግማሹን ያውቅልናል ብለው ገመቱ። ከ120 ዘፈኖች የታወቁት 3 ብቻ ነበሩ። ለመቺው ዜማው በጭንቅላቱ ሙሉ ሆኖ ይፈሳል፤ ለአድማጩ የደረሰው ኳ ኳ ነው። የኛም ሰው ክራሩ የጎደለውን ሁሉ ጭንቅላቱ ይሞላለታል፣ ከፈለገም ዝነኛዋን ክራር ተጫዋች አስናቀች ወርቁን ያስዘፍንለታል። ጎረቤት ግን ያለው የወጣው ድምፅ ብቻ ነው።

ደስታው ሌላም ምንጭ አለው። ሰው የጠበቀው ምት በጠበቀበት ቅጽበት ሲመጣ ደስ ይለዋል፤ በገዛ እጁ ያመጣው ከሆነ ደግሞ እጥፍ ነው። ስህተቱንም ገና ጣቱ ላይ ሳለ ስለሚያውቀው፣ ራሱን ይቅር ብሎ ያልፋል። ጎረቤት ምቱ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም፣ ይቅርታም የጠየቀው የለም።

ለሰላም ሲባል አንድ ዘዴ አለ፦ ብርኩማው አጠገብ ክሮቹ ሥር የታጠፈ ካልሲ መወተፍ። ድምፁ ይታፈናል፣ ጣት ግን ሥራውን ይማራል። ሰውዬው «ነፍሱ ይጠፋል» ብሎ እምቢ ይላል (የካልሲው ነፍስ ይሆን የክራሩ፣ አይታወቅም)።

ሆኖም ያቺ አራት ምት በየማታው ስትደጋገም ጆሮን በግድም ቢሆን ታስተምራለች። በሦስተኛው ወር ገደማ፣ ሙዚቃ አላውቅም ባይዋ ጎረቤት ግድግዳውን በዘነዘና ጓ ጓ ታደርጋለች። ሰውዬው ደንግጦ መምቻውን ያስቀምጣል፤ የሚመጣውን ስድብም ይጠብቃል።

«ኧረ ጋሼ! ሦስተኛዋ ረግባለች!»