እርማት፦ በግሪንሃውስ መብቀል ከኬሚካል ነፃ መሆን አይደለም

እህቴ፣ «የግሪንሃውስ ቲማቲም ተሸፍኖ ስለሚያድግ መድኃኒት አይረጭበትም፤ ሳይታጠብም ይበላል» ብለሽ ጽፈሻል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግን ልክ አይደለም።

ግሪንሃውሱን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ዝናብን ይከለክላል እንጂ ተባይን ጨርሶ አያግድም። ሙቀቱና እርጥበቱ ለነጭ ዝንብና ለሻጋታ ይመቻል። ስለዚህ እዚያም ይረጫል። እንዲያውም ሜዳ ላይ የተረጨውን ዝናብ ያጥበዋል፣ የፀሐይ ጨረርም ይሰባብረዋል። በፕላስቲክ ሥር ዝናብ የለም፤ ጨረሩም ይቀንሳል። አንዳንዱ ኬሚካል ከሜዳው ይልቅ እዚያ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው ለዚህ ነው።

በስፔኗ አልሜሪያ ሰፊ መሬት በግሪንሃውስ የተሸፈነ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካባቢ ጀርመን ውስጥ በተመረመረ የአልሜሪያ ቃሪያ ላይ ኢሶፌንፎስ ሜቲል የተባለ ያልተፈቀደ የተባይ መድኃኒት ተገኘ። ገበያው ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ግን የቃሪያ አምራቾቹ በብዛት ተባይ የሚበሉ ነፍሳትን ወደ መጠቀም ዞሩ። እኔን ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፤ ግሪንሃውስ በደንብ ከተያዘ ርጭቱን መቀነስ ይቻላል።

ስለ ማጠብም ልጨምር። በሚፈስ ውሃ እያሹ ማጠብ ላይ ላዩን ያለውን ይቀንሳል። እንደ ኢሚዳክሎፕሪድ ያለው የተባይ መድኃኒት ግን ተክሉ ውስጥ ስለሚገባ በውሃም በኮምጣጤም ተጠርጎ አይወጣም። እሱን የሚከላከለው አምራቹ ነው፤ በመጨረሻው ርጭትና በለቀማው መካከል የመድኃኒቱ መለያ ላይ የተጻፈውን ያህል ቀን ሲጠብቅ።

ቲማቲም መብላት አቁሙ እያልኩ አይደለም። «ሳይታጠብም ይበላል» የሚለውን ግን እባክሽ አስተካክይው፤ አምኖሽ ለልጁ የሚሰጥ ወላጅ አለ።