በቆጥ ላይ የነበረ አጥቢያ

በአምስተርዳም አሮጌው ሰፈር፣ ስሙ ከቀይ መብራት መስኮቶቹ ጋር በሚነሣው አካባቢ፣ ከቦዩ ዳር ከተደረደሩት ቤቶች መካከል አንድ የነጋዴ ቤት አለ። ከውጭ ሲያዩት እንደ ጎረቤቶቹ ጠባብና ረጅም ነው፤ መስቀልም ጉልላትም ደወልም የለውም። ጠመዝማዛውን ደረጃ ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ ግን መንበሩ፣ ኦርጋኑና ግራና ቀኝ የተደራረበው ሰገነቱ የተሟላለት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከጣሪያው ሥር ተሸሽጎ ያገኙታል። የሆላንዶቹን ስያሜ ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው «ጌታችን በቆጥ ላይ» ከማለት የተሻለ አላገኘሁለትም።

ቆጥ ላይ የወጣበት ምክንያት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1578 የከተማው አስተዳደር ከካቶሊኮች ወደ ፕሮቴስታንቶች ሲዛወር፣ አብያተ ክርስቲያናቱም አብረው ተዛወሩ፤ ከዚህ ቤት ጥቂት እርምጃ ርቆ የሚገኘው ትልቁ «አሮጌው ቤተ ክርስቲያን» ሳይቀር የካልቪን ተከታዮች ሆነ። በዓመቱ የተፈረመው የኡትሬኽት ስምምነት ማንም በእምነቱ ምክንያት እንዳይመረመር ደንግጎ ስለነበር ካቶሊክ ሆኖ መኖር አልተከለከለም፤ የተከለከለው በአደባባይ ማምለክ ነው። ያን ሃርትማን የተባለ ከጀርመን አገር የመጣ ካቶሊክ ነጋዴ በ1661 ይህን ቤትና ከኋላው ያሉትን ሁለት ቤቶች ገዛ፤ እስከ 1663 ባለው ጊዜም የሦስቱን ቆጥ አገናኝቶ፣ የወለሉን መካከል አስቆርጦ፣ 150 ያህል ሰው የሚይዝ ቤተ ክርስቲያን አደረገው። እሱና ቤተሰቡ ከታች ይኖራሉ፣ ከላይ ይቀደሳል። ምእመናኑ የሚገቡት በዋናው በር ሳይሆን ከጎን ባለችው ቀጭን መተላለፊያ በኩል ነበር።

ምሥጢር ነበር ለማለት ግን ያስቸግራል። ሹማምንቱ ያውቁ ነበር፤ ገንዘብ እየተቀበሉም አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። እንዲያውም ሃርትማን ከሞተ በኋላ ቤቱን የገዛው ሰው ፕሮቴስታንት ሲሆን፣ ቆጡን ለካቶሊኮቹ ማከራየቱን አላቋረጠም። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የስብከት ሰገነት ነው፤ ቦታ እንዳይፈጅ ከመንበሩ ምሰሶ ውስጥ ይታጠፍና ሲፈለግ እንደ ቁም ሣጥን በር ተከፍቶ ይወጣል። ጠባብ ቤት ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ብልሃት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

የአምልኮ እገዳው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ቢነሣም አጥቢያው ቆጡን የለቀቀው እጅግ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ከማዕከላዊ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ባለ ትልቅ ጉልላቱ የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ሲያልቅ ምእመናኑ ወደዚያ ተዛወሩ። ያን ጊዜ ጥቂት የከተማው ካቶሊኮች ማኅበር ፈጥረው አሮጌውን ቤት እንዳይፈርስ ገዙት፤ በሚያዝያ 1888ም ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በዛሬው አውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም ሆነ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን ምእመን ማጣት ነው፤ በዚያው አገር፣ በማስትሪክት፣ የዶሚኒካውያን ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት መደብር ሆኖ አይቻለሁ። ይህኛው ግን ምእመን አጥቶ ሳይሆን ምእመኑ አዲስና ሰፊ ቤት አግኝቶ የተለቀቀ ነው። ሰዎቹ በአደባባይ ጉልላት ባቆሙበት ማግስት፣ የተደበቁበትን ቆጥ ለማቆየት ኪሳቸውን ዳበሱ። እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው።

እኛ በስደት ያለን ኦርቶዶክሳውያን ይህን ቤት ስናይ የራሳችንን ነገር ማስታወሳችን አይቀርም። በየከተማው ታቦታችንን ይዘን በሰዓት በተከራየነው የካቶሊክ ወይም የፕሮቴስታንት ሕንፃ፣ አንዳንዴም በመጋዘን ውስጥ እናስቀድሳለን፤ ከበሮውንም ጎረቤት እንዳይከስሰን ቀስ እያደረግን እንመታለን። የሚከለክለን የሃይማኖት ሕግ ሳይሆን የኪራይ ውልና የድምፅ ደንብ ስለሆነ ራሳችንን ከሃርትማን ዘመን ሰዎች ጋር ማስተካከል ድፍረት ይሆናል። ነገር ግን የራሳችንን ሕንፃ የገዛን ዕለት፣ ያ ለዓመታት ያለቀስንበት የተከራየነው አዳራሽ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ግድግዳችን ላይ የምንሰቅል ስንቶቻችን ነን?

በአገራችንም በዚያው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ በተቃራኒው መልክ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ሲለቅ፣ ካቶሊክነቱ ከቤተ መንግሥት ወጣ፤ ኢየሱሳውያኑ መነኮሳትም በኋላ ከአገር ተባረሩ። ጣና ዳር፣ በጎርጎራ፣ በእነሱ ዘመን የተሠራው ማርያም ግምብ የሚባለው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ወድቆ የቅርጻ ቅርጹ ድንጋይ በሣር መካከል ቀርቷል። የተሸነፈ ወገን ቤት ነውና ባለቤት ማጣቱ አይደንቅም ይባል ይሆናል። ታዲያ የራሳችን የሆነውስ?

ባለፈው ዓመት ወደ ተወለድኩበት ገጠር በሄድኩ ጊዜ የተጠመቅሁበት ክብ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በቦታው ትልቅ የሲሚንቶ ሕንፃ እየተሠራ ነበር። ሥራውን ለመንቀፍ አፍ የለኝም፤ እናቶቻችን በክረምት ውጭ ቆመው ዝናብ ሲወርድባቸው ያስቀድሱ ነበር፣ ለአዲሱ ሕንፃም እኔ ራሴ ከውጭ ገንዘብ ከላኩት አንዱ ነኝ። ስልክ ደውዬ ስንት ሜትር ከፍታ እንዳለው ስጠይቅ፣ የአሮጌው ሥዕልና በር የት ይቀመጣል ብዬ አልጠየቅሁም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ፤ የጣልኩት እኔም ነኝ። ከወጥ የዋንዛ ግንድ የተፈለጠው የመቅደሱ በር በሁለት በርሜሎች ላይ ተጋድሞ የግንበኞች መቆሚያ ሆኗል፤ የሲሚንቶ ጭቃ ደርቆበታል።

የደብሩን አለቃ ጠየቅኋቸው። ደግ አባት ናቸው፤ አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ታቦቱ ከወጣ በኋላ እንጨት እኮ ነው» አሉኝ።

እንደ ሥርዓቱ ሳስበው የምመልስላቸው አልነበረኝም። የአምስተርዳሙ ቆጥ ዛሬም አልፎ አልፎ ቅዳሴ እንደሚደረግበት ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። በማግስቱ ከአራት የሰፈሩ ጎረምሶች ጋር በሩን አንሥተን፣ ጭቃውን በውኃ አርሰን አስለቀቅንና፣ አለቃው ራሳቸው ቁልፍ አምጥተው ከዕቃ ቤቱ በስተኋላ አስገቡልን። ለግንበኞቹ መቆሚያ የሚሆን ጣውላ ግዛ ተብዬ ገዛሁ።