የልጆች ቫዮሊን ባለማርሽ መቃኛ ይገጠምለት

ቫዮሊን የሚማር የስምንት ዓመት ልጅ መሣሪያውን ራሱ እንዲቃኝ የሚፈቅድ አስተማሪ ጥቂት ነው። ችግሩ የልጁ ጆሮ አይደለም። ብዙ ልጆች ክሩ መውረዱን በደንብ ይሰማሉ፤ መቃኛው ግን አይታዘዝላቸውም። አንዴ አልዞር ብሎ ይጣበቃል፣ አንዴ ደግሞ ሳይታሰብ ይለቅና ክሩ በሙሉ ይረግባል። ስለዚህ መቃኘት የአስተማሪው ወይም የወላጅ ሥራ ሆኖ ይቀራል፤ ልጁም እስከሚቀጥለው ትምህርት ድረስ ከቅኝት በወጣ መሣሪያ ይለማመዳል። ይህ መቀጠል የለበትም ባይ ነኝ። ለጀማሪዎች በሚሠሩ ቫዮሊኖች፣ ተለቅ በሚሉት ዘመዶቻቸው በቪዮላዎችና በቼሎዎችም ላይ በሰበቃ ብቻ የሚይዘው የእንጨት መቃኛ ቀርቶ ባለማርሹ መቃኛ መደበኛ መሆን አለበት።

የእንጨቱ መቃኛ አሠራር ቀላል ነው። ከጠንካራ እንጨት ይጠረብና ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ በተለመደው ልክ በየ30 ሚሊሜትሩ ውፍረቱ በ1 ሚሊሜትር ይቀንሳል። ቀዳዳውም በዚያው ልክ ስለሚበጅ መቃኛው ወደ ውስጥ ሲገፋ ይጠብቃል፣ ወደ ውጭ ሲሳብ ይላላል። ክሩን የሚይዝ ሌላ ነገር የለም። ከመቃኛ የምንፈልጋቸው ሁለት ነገሮች ደግሞ እርስ በርስ ይጣላሉ፦ ስናዞረው ያለችግር እንዲዞር፣ ስንለቀው ደግሞ ንቅንቅ እንዳይል። በሰበቃ ብቻ ሁለቱንም ማግኘት የሚቻለው መቃኛውና ቀዳዳው በብዙ ጥንቃቄ ሲገጣጠሙ ነው፤ በርካሽ የተማሪ ቫዮሊን ላይ የሚጎድለውም ይኸው ጥንቃቄ ነው።

ልኬቱም ቢሆን ምሕረት የለውም። ፈረንሳዊው ሊቅ ማረን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው የክር ሕግ መሠረት አንድን ክር በአንድ ኦክታቭ (እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ስም ያለው ድምፅ) ከፍ ለማድረግ ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። የኦክታቭ አሥራ ሁለተኛ ለሆነው ለግማሽ ቃና ደግሞ ወደ 12 በመቶ ገደማ ይጨመራል። የብረት ክር እምብዛም ስለማይለጠጥ፣ ሚ በተባለው የቫዮሊኑ ቀጭን ክር ላይ ያንን 12 በመቶ ለመጨመር ከግማሽ ሚሊሜትር በታች መሳብ ይበቃል። ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር በሆነ መቃኛ ላይ ይህ ከ10 ዲግሪ ያነሰ ዙር ነው። የሠለጠነ ጆሮ የግማሽ ቃናን አንድ ሃያኛ የሚያህል ስህተት ይለያል። እንግዲህ ከልጁ የሚጠበቀው መቃኛውን ከግማሽ ዲግሪ ባነሰ እርምጃ ማዞር፣ በዚያው ቅጽበት ወደ ውስጥ መግፋት፣ ቫዮሊኑንም በሌላ እጁ አጥብቆ መያዝ ነው። ይህ ጎልማሳ ባለሙያንም ያስቸግራል፤ በክሮቹ ማሰሪያ ላይ ትንንሽ ማስተካከያ ብሎኖች የተጨመሩትም ለዚሁ ነው። ብሎኖቹ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን የሚያርሙት ጥቂቱን ስህተት ብቻ ነው። መቃኛው ራሱ ከተንሸራተተ ምንም አይፈይዱም።

አየሩ ሲደርቅ ነገሩ ይብሳል። እንጨቱ ይኮማተርና መቃኛዎቹ ይላላሉ፤ ሳጥኑ ሲከፈት አራቱም ክሮች ረግበው ይገኛሉ። በቫዮሊን ላይ ክሮቹ በአንድነት ከ20 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል የተወጠሩ ናቸው። ክሮቹን የተሸከመውን ድልድይም ሆነ በሆዱ ውስጥ የቆመውን ትንሽ ምሰሶ በቦታቸው የያዛቸው ይኸው ውጥረት ነው። ክሮቹ ሲረግቡ ድልድዩ ይወድቃል፣ አንዳንዴም ምሰሶው፤ ይህ ከሆነ ልጁ ባለሙያ እስኪገኝለት መጠበቅ አለበት። ሰበቃውን ለማጥበቅ ሲባል መቃኛውን ከልክ በላይ መግፋት ደግሞ የመቃኛ ሳጥኑን ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ሌሎች መሣሪያዎች ከዚህ ችግር ከወጡ ቆዩ። የቫዮሊን ትልቁ ዘመድ ደብል ቤዝ ወፋፍራም ክሮቹን የእንጨት መቃኛ አልይዝ ስላለው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወደ ብረት ማርሽ ዞሯል። ጊታርም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተከተለ። የቪየናው ሠሪ ዮሃን ጌኦርግ ሽታውፈር ስድስቱንም ባለማርሽ መቃኛዎች በአንድ ወገን የደረደረበት የጊታር ራስ ታዋቂ ነው፤ በእርሱ ዘንድ የሠራው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲንም ያንን ዕውቀት ይዞ እ.ኤ.አ. በ1833 ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ። ኮራ በተባለው የምዕራብ አፍሪካ የክር መሣሪያ ላይ የቆዳ ቀለበት እየገፉ መቃኘት የቆየ ሥርዓት ቢሆንም፣ ዛሬ ብዙ ተጫዋቾች የጊታር መቃኛ ያስገጥማሉ። በጊታሩ መቃኛ ውስጥ ብሎን የመሰለ ዘንግ የማርሹን ጥርሶች እየገፋ ያዞራል፤ ብዙውን ጊዜ ክሩ የሚጠመጠምበት ምሰሶ አንድ ዙር እንዲዞር እጀታው ከ14 እስከ 18 ጊዜ ይዞራል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላው ጠባዩ ነው፦ እጅ ማርሹን ያዞረዋል፣ የክሩ ኃይል ግን መልሶ ሊያዞረው አይችልም። መዞርና አለመንቀሳቀስ እዚህ ጋ ይታረቃሉ።

የቫዮሊኑ ባለማርሽ መቃኛ ይህን የብረት ግዙፍነት አይፈልግም። ጥቃቅን ማርሾቹ በራሱ በመቃኛው ግንድ ውስጥ ተደብቀዋል፤ በሩቅ ያየው ሰው ከእንጨቱ አይለየውም። የዊትነር ኩባንያ ሥራ 8.5 ለ1 ነው፣ ማለትም ክሩ የሚጠመጠምበት ክፍል አንድ ዙር እንዲዞር እጀታው 8.5 ጊዜ ይዞራል፤ በአንጻሩ 4 ለ1 የሆኑም አሉ። ውጫዊው አካል ቀዳዳው ውስጥ ረግቶ ስለሚቀመጥ ቀዳዳው አይበላም፤ እርጥበትና ድርቀትም እንደ እንጨቱ አያላላውም።

ተቃውሞ አለ። አንዳንድ አስተማሪዎች «ተማሪው የእንጨቱን መቃኛ ካሁኑ ካልለመደ መቼ ይለምዳል?» ይላሉ። ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገላበጠ ይመስለኛል። መጀመሪያ መሠልጠን ያለበት ጆሮ ነው፤ ጆሮ ደግሞ የሚሠለጥነው ልጁ በራሱ እጅ ክሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ትክክለኛውን ቦታ ደጋግሞ ሲያገኝ ነው። መቃኛውን መንካት የተከለከለ ልጅ ይህ ዕድል የለውም። ጣቶቹ ሲጠነክሩ የእንጨቱን መቃኛ በጥቂት ጊዜ ይለምደዋል።

በአንጻሩ መቃኘቱን ራሱን ከሰው እጅ የሚወስድ መሣሪያ አልደግፍም። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ኩባንያ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2015 የጊታር ሞዴሎቹ በአብዛኞቹ ላይ በሞተር የሚዞር ራስ ቃኝ መቃኛ መደበኛ አድርጎ ነበር። ብዙ ተጫዋቾች ስላልተቀበሉት በቀጣዩ ዓመት ያለእርሱ የተሠሩትም ቀረቡ። ጀማሪው የሚያስፈልገው ጆሮው የነገረውን እጁ እንዲፈጽምለት የሚያስችል መቃኛ ነው፤ በእርሱ ፋንታ የሚሰማለት አይደለም።

ባለማርሹም ሁሉን አይፈታም። ክሩ በአንገቱ ጫፍ ባለው ጠባብ ቦይ ውስጥ ከተያዘ የትኛውም መቃኛ ቢገጠም ቅኝቱ እየዘለለ ይሄዳል፤ ቦዩን በእርሳስ ግራፋይት መቀባት ብዙ ጊዜ ይረዳል። አዲስ ክርም እስኪረጋ ድረስ ይወርዳል።

ውድና ጥንታዊ ቫዮሊን ላይ ቀዳዳ ለማስፋት መቸኮል አይገባም፤ እዚያ የባለቤቱና የጠጋኙ ምክክር ይቅደም። ለጀማሪ በሚሸጡና በሚከራዩ መሣሪያዎች ላይ ግን እንዲህ ያለ ስጋት የለም። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በብዛት ሲያዝዙ ባለማርሽ መቃኛ የተገጠመላቸውን ይጠይቁ፤ ፋብሪካው ቀዳዳውን ከመጀመሪያው በልኩ ከበሳው፣ ኋላ አስፍቶ ለማስገጠም ለባለሙያ የሚከፈለው ወጪም ይቀራል።