ውስጡን ለቄስና ለሼህ

ደሴ ፒያሳ ዳር የቆመች ቪትዝ የኋላ መስታወት ላይ፣ አቧራው መሀል፣ አንድ ሰው በጣቱ «እጠቡኝ» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሌላ ጣት «መጀመሪያ ባለቤቱ ይታጠብ» ሲል መልሷል። ሦስተኛው ቃል ቢያጣ ልብ ስሎ፣ ልቡን በቀስት ወግቶ፣ የአንዲት ልጅ ስም መነሻ ፊደል ጥሎ ሄዷል። ሰሞኑን ይህ ነገር በዝቷል። መስታወት ላይ ብቻ ቢሆን እሰየው፤ ኮፋኖና በር ላይም ተጀምሯል።

የመንገድ አቧራ ዱቄት አይደለም፤ የደቀቀ ድንጋይ ነው። ጣት ጫን ብሎ ሲጎትተው ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። የመኪና ቀለም ደግሞ ከላዩ «ክሊር» የሚሏት ጥርት ያለች ሽፋን አለችው። ውፍረቷ ብዙ ጊዜ 40 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ግማሹን ብትበልጥ በትንሹ ነው። ስለዚህ ኮፋኖ ላይ የተጻፈ «እጠቡኝ» መኪናው ከታጠበ በኋላም ይነበባል፤ ይልቁንም መኪናው ጥቁር ከሆነ፣ ይልቁንም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። መካሪው ግን ያኔ የለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ቶሎ ሐኪም ቤት ወስዳችሁት ቢሆን ኖሮ» ብሎ፣ ንፍሮውን ዘግኖ የሚወጣው ሰውዬ እሱው ነው። መክሮ ያልፋል፤ ጭረቱ ለባለቤቱ ይቀራል።

ጽሑፉን አይቶ «ገበያ አለ ማለት ነው» የሚልም አይጠፋም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ፣ ቅዳሜና እሑድ ባልዲ፤ ደመወዝ ያልደረሰበትን ቀዳዳ በአረፋ መድፈን። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ክፋቱ የሚጀምረው ከታፔላው ነው። ጀማሪው ገና አንድ ጨርቅ ሳይገዛ «ዘመናዊ የመኪና ዲቴይሊንግ» (መኪናን ከውስጥም ከውጭም አብጠርጥሮ ማጽዳት መሆኑ ነው) የሚል ታፔላ ያሠራል። ይህችን «ዘመናዊ» የምትባል ቃል የሚያሳርፋት ጠፋ። ዘመናዊ ሥጋ ቤት፣ ዘመናዊ ፀጉር ቤት፣ ዘመናዊ የከብት ማደለቢያ። ኋላ ቀር ሥጋ ቤት ብሎ የሚከፍት ያለ ይመስል! ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ላይ ያን የሚያክል የግብር አዳራሽ አሠርተው ስሙን «አይጠየፍ» አሉት እንጂ ዘመናዊ አላሉትም። ሰው የተጸየፈው መኪና ውስጥ እጁን ለሚከት ሰው ከዚህ የተሻለ የታፔላ ስም አይገኝም።

ከታፔላው ቀጥሎ ማሽኑ ይመጣል። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው የፖሊሽ ማሽን ነው፤ ድምፅ ስላለውና ጎረቤት ስለሚሰማው። ቀድሞ የሚያስፈልገው ግን እርጥብም ደረቅም የሚስብ ቫኪዩም፣ ባለ 20 ሊትር ሁለት ባልዲ (አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቂያ)፣ ለቸርኬ (ለጎማው ብረት) የተለየ ሦስተኛ ባልዲ፣ ከ20 የማያንስ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ለኤሲ ማውጫና ለመሪ ሥር ክፍተት ሁለት ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ እና ደህና የእጅ ባትሪ ነው። ለቸርኬ የዋለ ጨርቅ ወደ ቀለም አይመለስም። መሬት የወደቀ ጨርቅ ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ «እፍ» ብሎ መቀጠል የለም። ሳሙናው የመኪና ሻምፑ ይሁን። የልብስ ኦሞ ያልሟሟ ቅንጣቱ ይጭራል፤ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ደግሞ ቀለሙ ላይ የነበረውን ሰም ጠርጎ ይወስዳል። ውሃ ካልባከነ ለአንድ ትንሽ መኪና ገላ ሦስት ጀሪካን ይበቃል፤ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ከዚያ ደንበኛ ይመጣል። ቁልፉን በአንድ ጣት አንጠልጥሎ «ብዙም አልቆሸሸችም፣ ትንሽ አቧራ ናት» ይላል። ጀማሪው ፊቱ ከጠቆረም ያጽናናዋል፦ «አብሽር፣ አንድ ሰዓት አይፈጅብህም።»

በሩ ሲከፈት ትንሿ አቧራ ትታያለች። የወንበሩ ሐዲድ ውስጥ ያምና የጫት ገረባ ከለውዝ ልጣጭ ጋር ተጋግሯል። ማርሹ ዙሪያ ቡና ፈስሶ ስኳሩ ደንድኗል። የኋላ ወንበር ላይ ልጅ ያስመለሰው ወተት ሽቶ ተርከፍክፎበት፣ አሁን ሁለት ሽታ ሆኗል። ከውጭ ግን መኪናዋ በየሳምንቱ ላቫጆ ትገባለች፤ ጎማዋም በናፍጣ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። (ናፍጣ ጎማን እያለሰለሰ ያበላሻል፣ የነገውንም አቧራ ይጠራል፤ ይህን ለላቫጆ ልጅ መንገር ግን ጠብ መፈለግ ነው።) ውስጡን ለቄስ የሚባለው ይህ ነው። ወሎ ስለሆነ ለቄስና ለሼህ፤ አንዳቸው ብቻቸውን አይችሉትም።

ሥራው በውሃ አይጀመርም፤ በስልክ ካሜራ ይጀመራል። ባለቤቱ ቆሞ እያየ አራቱም ጎን፣ ስፖኪዮው፣ ፓራውልቱ፣ ቸርኬው ይነሳል። ፎቶ ከሌለ የሦስት ዓመት ጭረት ሁሉ ማታ 12 ሰዓት ላይ «ይቺ አልነበረችም» ይሆናል። ቀጥሎ ወንበር ሥር የተገኘው ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ይገባል፤ ሳንቲም፣ ደረሰኝ፣ ያንድ ጆሮ ጉትቻ። ፌስታሉ የሚሰጠው ቁልፍ ላመጣው ሰው ብቻ ነው። «ከቤት ሰው ይቀበልህ» ቢባልም አይሰጥም፤ ጉትቻ ጉዳይ ያመጣል።

ከዚያ ደረቁ በደረቁ። ቫኪዩሙ ሳያልቅ አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባች አቧራው ጭቃ ይሆንና ምንጣፉ ፀጉር ውስጥ ይለሰናል። ጨርቅ ወንበር በአሥር እጅ ውሃ የቀጠነ ማጽጃ ተነፍቶ፣ በብሩሽ ታሽቶ፣ አረፋው ወዲያው በቫኪዩም ይሳባል። ወንበሩ ሆድ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ውሃ መጠጣት የለበትም። ወንበር ሥር ያለችው ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ናት፤ ውሃ አይነካትም፣ ቁልፍ ተከፍቶም አትነቀልም፤ ከተነቀለች ክሩስኮቶው (ዳሽቦርዱ) ላይ መብራት በርቶ የሚያጠፋላችሁን ሰው ፍለጋ ትዞራላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ጠዋት ታጥቦ ከሰዓት የሚደርቅ ምንጣፍ ደሴ በክረምት ሁለት ቀንም ላይበቃው ይችላል። ሳይደርቅ በሩ ከተዘጋ በሦስተኛው ቀን የሻጋታ ሽታ ይመጣል፣ ደንበኛውም «ድሮ ይሻላት ነበር» ይላል። ስለዚህ ውስጡ በማለዳ ይታጠብ፣ መስታወቶቹ ሁለት ጣት ያህል ወርደው ፀሐይ ላይ ይዋል።

የጣሪያው ጨርቅ ለብቻው ይነገር። አበው ብዙ ተርተዋል፤ ግማሹ ከግማሹ ይጣላል፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የምትለውን ግን የሚያሸንፋት የለም። ለሠርግ ትሠራለች፣ ለግድግዳ ልስን ትሠራለች፣ ለምርቃት ቀን ተነጥፎ በክረምቱ ለሚቦረቦር አስፋልት በተለይ ትሠራለች። የተነገረችው መቀነት ለሚታጠቅ ሰው ነው፤ ከመቀነቱ ይልቅ ግን የመኪና ጣሪያን ታውቀዋለች። ጨርቁ በቀጭን ስፖንጅና በሙጫ ነው የተለጠፈው። ጀማሪው ቸኩሎ በብሩሽ ሲያሸው፣ በውሃ ሲያርሰው፣ ሙጫው ይለቃል፤ ከሳምንት በኋላ ጣሪያው እንደ ድንኳን ረግቦ ሹፌሩ ራስ ላይ ያርፋል። ማጽጃው ጨርቁ ላይ ሳይሆን እጅ ላይ ባለው ማይክሮፋይበር ይነፋል፣ በአንድ አቅጣጫ ይዳበሳል፣ በቃ። ነጠብጣቡ ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀ ይቅር፤ ነጠብጣብ ያለው ጣሪያ ከሌለ ጣሪያ ይሻላል።

በግ ደግሞ አለ። ለፋሲካም ለአረፋም ሰኞ ገበያ የተገዛ በግ ከኋላ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ በጉም የመንገዱን ክፍያ እዚያው ይከፍላል። ሽንቱ ምንጣፉን አልፎ ስኮርታው (መጠባበቂያው) ጎማ የሚተኛበት ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ላዩን ያሸ ሰው ምንም አልሠራም። ምንጣፉ ይውጣ፣ ጎማው ይነሳ፣ ጉድጓዱ ሥር ያለው የጎማ ውታፍ ተነቅሎ ይታጠብ፣ እኩል ውሃ በተቀላቀለው ኮምጣጤ ይታሽ፣ ተለቅልቆ ይድረቅ፣ ውታፉ ይመለስ። ውታፉን መመለስ የረሳ ሰው በሚቀጥለው ዝናብ ያስታውሳል።

አሁን ወደ ላስቲኩ። መኪናው ከተገዛ ስድስት ዓመት ሆኖት ወንበሩ ላይ የመጣበት ላስቲክ አልተነሳም። ሶፋውም እንደዚያው ነው፤ ሪሞቱም በፌስታል ተጠቅልሎ በጎማ ታስሯል፣ ቁጥሩ ስለማይታይ ቻናል የሚቀየረው በግምት ነው። ለማን ነው የሚጠበቀው? የትኛው እንግዳ ሲመጣ ነው ወንበሩ የሚገለጠው? ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ላስቲክ የተቀመጠ ሰው ሲነሳ ሱሪው ከጀርባው ጋር ተስማምቶ ይነሳል። ላቡ በተቀደደችው በኩል ገብቶ መውጫ ያጣል፤ ጨርቁ ከሥር ይሻግታል። «እንዳይቆሽሽ» ተብሎ የተሸፈነ ወንበር ካልተሸፈነው ይልቅ ሰዓት ይፈጃል፤ ጎን ላይ ኤርባግ ካለውም ላስቲኩ መንገዱን ይዘጋበታል። ደንበኛው ይህ ሁሉ ተነግሮት «ላስቲኩን ግን መልስልኝ» ይላል። እዚህ ላይ መቀለድ ያስቸግራል። በአንጻሩ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ጋቢናው ውስጥ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው፤ ከብዙ ሳሎን ያ ጋቢና ይጸዳል።

ቸርኬ ላይ ለሐረጎ ቁልቁለት ምስጋና ይግባው። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር ይበልጣል፣ መንገዱም እባብ ነው። ፍሬን እየረገጠ የወረደ መኪና ከፍሬን ሸራውና ከዲስኩ የጋለ የብረት ብናኝ ቸርኬው ላይ እየረጨ ይወርዳል፤ ብናኙ ተጣብቆ ይዝጋል፣ በሳሙና አይለቅም። ለዚህ የተሠራው ማሟሟቻ ብረቱን ሲያገኘው ቀለሙ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ሳይደርቅ በውሃ ይለቀለቃል። ከሐረጎ የወረደ መኪና ግን እንደደረሰ አይታጠብም። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ሊጣመም ይችላል፣ ከዚያ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪው ይርገበገባል። መርገጫዎቹ ላይ ደግሞ የክሩስኮቶ ማብለጭለጫ ቅባት የሚቀባ ጀማሪ አለ። ሐረጎ ላይ እግር ከፍሬን ሲንሸራተት ምን እንደሚባል አይጻፍም።

ቀለሙ የመጨረሻ ነው። ከታጠበ በኋላ እጅን በስስ ፌስታል ከትቶ ኮፋኖውን መዳበስ ነው፤ ከሻከረ የሚያጸዳው ክሌይ የሚባለው ጭቃ መሳይ ነገር ነው፣ በሳሙና ውሃ እየራሰ። መሬት ከወደቀ ይጣላል፤ አሸዋ ይዞ ይነሳልና። ፖሊሹ ላይ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ትመጣለች። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከረው ማሽን በጀማሪ እጅ ጠርዝ ላይ ሲቆም ክሊሩን በልቶ ቀለሙ ላይ ይደርሳል፤ ያን የሚመልሰው ቀለም ቀቢ ብቻ ነው። እየተንቀጠቀጠ የሚዞረው ይሻላል፤ ሦስት አራት ጠብታ ፖሊሽ፣ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ብቻ፣ ጥላ ሥር። ጥፍር የሚይዘው ጭረት አይወጣም፤ አይታገሉት። ቢጫ የሆነ የፊት መብራት በ1000፣ በ2000፣ በ3000 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ይፈገፈጋል፤ የፀሐይ መከላከያ ካልተቀባ ግን በጥቂት ወር ይመለሳል፤ የደሴ ከፍታ ላይ ያለች ፀሐይ ቀልድ አታውቅም።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ከ8 እስከ 12 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ዋጋ በመኪና ሳይሆን በሰዓት ይቆረጥ፣ ከመጀመሩ በፊት ይነገር፣ ግማሹ ይከፈል። «ዘመድ አይደለን እንዴ?» ይመጣል። ወሎ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ስለሌለ ይህ ቅናሽ አይደለም፤ ንግድ መዝጋት ነው።

መስታወቱ ቀረ። «እጠቡኝ» ታጥቦ ጠፍቷል፤ ይመስላል። የጣት ወዝ ግን መስታወት ላይ ይቀራል፤ በሳሙና ሁልጊዜ አይለቅም፣ በደረቅ ቀንም አይታይም። ከኮሮና የተረፈ 70 በመቶ አልኮል በንጹሕ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ካልተወለወለ፣ በማግስቱ ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅ መስታወቱ ጤዛ ይይዝና ፊደሉ አንድ በአንድ ይወጣል፤ «እጠቡኝ»ም፣ መልሱም፣ በቀስት የተወጋውም ልብ። ያኔ ስልክ ይጮኻል። ደንበኛው የደወለው ስለ ጽዳቱ አይደለም፤ ባለቤቱ ከልቡ ሥር ያለችው ፊደል የማን እንደሆነች ጠይቃለች።